ከጎርጎሮት ድራም እስከ ዋርድሩና፦ የአይናር ሴልቪክ ጉዳይ

ኖርዌያዊውን ሙዚቀኛ አይናር ሴልቪክን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዋርድሩና በሚባል ባንዱ፣ ክራር የሚመስል መሣሪያ ይዞ በኖርዌይኛና በጥንታዊው የሰሜን ሰዎች ቋንቋ ሲያዜም ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ግን ይኸው ሰው ጎርጎሮት በሚባል የብላክ ሜታል ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር፤ ብላክ ሜታል ጩኸት የበዛበት፣ ጨለም ያለ የሮክ ዓይነት ነው። ጎርጎሮት ደግሞ በዚያ ዓለም እንኳ «እነዚህስ አበዙት» የተባለለት ባንድ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ወጣትነት ነው፣ በኋላ ሰከነ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ሴልቪክ ከብላክ ሜታል ሲወጣ አንድ ጥያቄ ይዞ የወጣ ይመስለኛል። የኖርዌይ ብላክ ሜታል ልጆች ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበረን ነገር ተወሰደብን እያሉ ይጮሁ ነበር። እሱ ጩኸቱን ትቶ ፍለጋውን ያዘ። ተወሰደ የተባለው ምን ነበር? የተረፈ አለ? ካለስ ዛሬ ሊዘፈንበት ይችላል? ጉዳዩን ከመነሻው ላውጋችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

እሳቱ

ኦስሎ ውስጥ ሄልቬቴ የሚባል የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበር። ስሙ በኖርዌይኛ «ሲኦል» ማለት ነው። ባለቤቱ የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት ኦይስታይን ኦርሼት ሲሆን የመድረክ ስሙ ዩሮኒመስ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ፣ አንዳንዶቹም ያልደረሱ ልጆች እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ፊታቸውን እንደ ሬሳ በነጭና በጥቁር ይቀባሉ። ሙዚቃቸውን ሆን ብለው ሻካራ አድርገው ይቀዱታል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እንደ ማንኛውም የወጣቶች ፋሽን መጥቶ ባለፈ ነበር።

ግን አልቆመም። ጁን 6 ቀን 1992 በርገን ከተማ ውስጥ የነበረው የፋንቶፍት ቤተክርስቲያን በእሳት ወደመ። ሌሎችም ተከታትለው ተቃጠሉ። በ1993 ኦገስት ላይ ዩሮኒመስ በሌላ ሙዚቀኛ፣ በቫርግ ቪከርነስ፣ በጩቤ ተገደለ። ቪከርነስ በግድያውና አብያተ ክርስቲያናት በማቃጠል 21 ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ የኖርዌይ ብላክ ሜታል ስሙ ከእሳትና ከደም ተነጥሎ አያውቅም። ክብሪት ነክተው የማያውቁ ሙዚቀኞችም ይህን ስም ይዘው ኖረዋል።

ስለ ፋንቶፍት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው ያለው። ቤተክርስቲያኑ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት የተሠራ ነበር። መጀመሪያ የቆመው ሶግን አውራጃ፣ ፎርቱን በሚባል ቦታ ነው። በ1883 ነቅለው ወደ በርገን አመጡት። እንዲህ ያሉ የመካከለኛው ዘመን የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ወቅት ኖርዌይን ሞልተዋት ነበር። ዛሬ የቀሩት 28 ብቻ ናቸው። የሠሯቸው አናጺዎች አዲሱን እምነት ቢቀበሉም የአያቶቻቸውን እጅ አልጣሉም። ጣሪያው ጫፍ ላይ የዘንዶ ራስ ያወጣሉ። በር ላይ እርስ በርሱ የተቆላለፈ አውሬና ሐረግ ይቀርጻሉ። የአንዱ ቤተክርስቲያን በር ላይ የተቀረጸው እንዲያውም ዘንዶ ገዳዩ ሲጉርድ ነው፣ ከክርስትና በፊት የነበረ ታሪክ። ስለዚህ ፋንቶፍትን ያቃጠለ ሰው የውጭ ሃይማኖት ቤት ብቻ አላቃጠለም። «የእኛ» ከሚለው ዘመን በእጅ ሊዳሰስ ከሚችለው ጥቂት ነገር አንዱንም አብሮ አነደደ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኖርዌይ ውስጥ በሰይጣን ስም ነገር ሲነድ ያኔ የመጀመሪያው አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠንካራ የሃይማኖት መነቃቃት ነበረ። ያኔ የተጠቃው የሃርዳንገር ፊድል የሚባለው የኖርዌይ ባህላዊ ቫዮሊን ነው። ከዋናዎቹ አውታሮች ስር ሌሎች በራሳቸው የሚያስተጋቡ አውታሮች ያሉት፣ በአጥንትና በዛጎል የተለበጠ ቆንጆ መሣሪያ ነው። ሰባኪዎቹ የሰይጣን መሣሪያ ነው አሉ። ጭፈራ፣ መጠጥና ጠብ ያመጣል አሉ። ፊድሉን ያቃጠሉ ነበሩ፣ መጫወቱን ርግፍ አድርገው የተዉም ነበሩ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም አገር በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን ሲባል ኖሯል። ልዩነቱ የእኛ ክራር ስድቡንም ችሎ ከሰው እጅ አለመውጣቱ ነው። እነሱ ጋ ግን ብዙ ነገር ተቆርጦ ቀርቷል።

ክራኮቭ

ሴልቪክ የተወለደው በ1979 ነው። ያደገው ከበርገን አጠገብ ባለችው በኦስተሮይ ደሴት ነው። ፋንቶፍት ሲነድ ገና ልጅ ነበር። ወደ ጎርጎሮት የገባው በ2000 አካባቢ ነው። ባንዱን በ1992 ያቋቋመው ኢንፈርኑስ የሚባል ጊታሪስት ሲሆን በሴልቪክ ጊዜ ድምፃዊው ጎል ነበር። ሴልቪክ ለራሱ ያወጣው የመድረክ ስም ክቪትራፍን፣ ማለትም ነጭ ቁራ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2004 ጎርጎሮት ፖላንድ ክራኮቭ ውስጥ ተጫወተ። ዝግጅቱ ለቪዲዮ ይቀረጽ ስለነበር በቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተካሄደው። መድረኩ ላይ የበግ ጭንቅላቶች በእንጨት ተሰክተዋል። ደም ተረጭቷል። ራቁታቸውን ትልልቅ መስቀል ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ክራኮቭ ነው፣ ያኔ በሕይወት የነበሩት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሮም ከመሄዳቸው በፊት ሊቀ ጳጳስ በነበሩባት ከተማ። ፖሊስ ምርመራ ከፈተ፣ የተቀረጸውንም ያዘ። በመጨረሻ ቅጣቱ በአዘጋጁ ላይ አረፈ። ቪዲዮው ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ከድራሙ ጀርባ ያለው ሰው ሴልቪክ ነው።

በዚያው ዓመት ከባንዱ ወጣ። መውጣቱን ከክራኮቭ ጋር ብቻ ማያያዝ ልክ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሌላ ነገር አስቀድሞ ጀምሮ ነበር። ግን ያን መድረክ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በማስደንገጥ የቆመ ጥበብ መጨረሻው ግድግዳ ነው። ዘንድሮ አንድ የበግ ጭንቅላት ከሰቀልክ ለከርሞ ሁለት መስቀል ሊኖርብህ ነው። ከዚያስ?

ከዚያ የመጣው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። በ2007 ጎልና ባሲስቱ ኪንግ «ጎርጎሮት የእኛ ነው» አሉ። ኢንፈርኑስ «ያቋቋምኩት እኔ ነኝ» አለ። በ2009 የኦስሎ ፍርድ ቤት ስሙን ለኢንፈርኑስ ወሰነ። «ሕግም ሥርዓትም አንፈልግም» ሲል የኖረ ሙዚቃ ስሙን ለመለየት ዳኛ ፊት ቆመ ማለት ነው።

የተቆረጠውን መቀጠል

ዋርድሩና የተጀመረው በ2003 ገደማ ነው። መሥራቾቹ ሴልቪክ፣ ድምፃዊቷ ሊንዲ ፋይ ሄላ፣ እና ያው የጎርጎሮቱ ጎል ናቸው። አዎ፣ ክራኮቭ መድረክ ላይ የጮኸው ሰው። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው በምዕራብ ኖርዌይ ሁለቱንም ሥራ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ዋርድሩና ከብላክ ሜታል መንደር ውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፣ ከውስጡ የበቀለ ነው።

የገጠማቸው ችግር ግን ጊታር በማስቀመጥ የሚፈታ አልነበረም። ከቫይኪንጎች፣ ማለትም ከነዚያ ጥንታዊ የሰሜን ሰዎች፣ ዘመን የተቀዳ ድምፅ የለም። በኖታ የተጻፈ ዜማም የለም። ያለው የተሰባበረ ነገር ነው። ከመቃብር የወጣ ቁራጭ እንጨት፣ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ፊደል፣ አይስላንድ ውስጥ በብራና የተረፈ ግጥም፣ በየገጠሩ በቃል የቆየ ዘፈን። ሴልቪክ የሚፈልጋቸውን አንዳንድ መሣሪያዎች ገዝቶ ሊያገኝ ስላልቻለ ራሱ ሠራቸው። አጨዋወቱንም በራሱ ነው የተማረው።

ሁለቱን መሣሪያዎች ቀረብ ብለን እንያቸው። አንደኛው የክራቪክ ሊራ ነው። ስሙን ያገኘው ኑሜዳል በሚባል ሸለቆ ካለው የክራቪክ እርሻ ነው። የመካከለኛው ዘመን መሣሪያ እዚያ ስለተገኘ የዛሬዎቹ የሚሠሩት እሱን አይተው ነው። ሁለት ክንድ፣ ከላይ መጋጠሚያ እንጨት፣ ከታች ማስተጋቢያ ሳጥን። አበሻ ሆኖ ይህን ያየ ሰው «ክራር ነው!» ማለቱ አይቀርም፣ ልክም ነው። ሁለቱም የሊራ ቤተሰብ ናቸው። አጨዋወቱ ራሱ ይመሳሰላል። ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ይገርፋል። ግራ እጅ ደግሞ ከኋላ ሆኖ እንዲሰሙ የማይፈለጉትን አፍኖ ይይዛል። ክራር ሲገረፍ ያየ ሰው እዚያ መድረክ ፊት ቢቆም እጁን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ታገልሃርፓ ይባላል። ይሄ በደጋን የሚመታ ሊራ ነው። አውታሩም የደጋኑም ጸጉር የፈረስ ጭራ ነው፣ እንደ ማሲንቆ። ተቀምጦ ጭን ላይ ወይም በጉልበት መሃል ይያዛል። ግራ እጅ በመሣሪያው ክፍተት በኩል ከኋላ ይገባና አውታሩን በጣቶቹ ጀርባ ይነካል። ድምፁ ንጹህ አይደለም። ይሻክራል፣ ትንፋሽ አለበት፣ አንዳንዴ የሚያጉረመርም ሰው ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሰማው ብላክ ሜታል ጊታር የሚፈልገው ያ ሻካራነት እዚህ ውስጥ አለ። ሴልቪክ ከድሮ ሙዚቃው ያመጣው ጆሮ ይሄ ይመስለኛል። ሌላ ባህላዊ ተጫዋች ሊያለሳልሰው የሚሞክረውን ድምፅ እሱ እንዳለ ትቶታል። የዋርድሩና ዘፈኖች ርዝመትም፣ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ ደጋግሞ ሰውን የማፍዘዝ ስልቱም ከብላክ ሜታል ጋር ይዛመዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች አንድ ሥራ ናቸው። በ2009፣ በ2013 እና በ2016 ወጡ። ሩን የሚባሉት ጥንታዊ ፊደላት 24 ናቸው። በእያንዳንዱ አልበም ስምንቱን ወስዶ ለእያንዳንዱ ዘፈን ሠራለት። ፊደሎቹ ስም አላቸው፤ አንዱ በርች የሚባለው ዛፍ ነው፣ አንዱ በረዶ፣ አንዱ ከብት፣ አንዱ የአባት ርስት። ሴልቪክ ቀረጻውን ከስሞቹ ጋር ወደሚሄድ ቦታ ይዞት ወጣ። ለበርች ፊደል በርች ጫካ ገብቶ ግንዱን እየመታ ቀዳ። ለውሃው ፊደል ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዘፈነ። የኖርዌይ ወንዝ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለምታውቁ በዚያ ብርድ ውስጥ ድምፅ ምን እንደሚሆን አይጠፋችሁም። ስቱዲዮ ውስጥ በማሽን ሊጨመር የሚችል ነገር ነበር። እሱ ግን ሰውነቱ እዚያ እንዲሆን ፈለገ።

«ይሄ ሁሉ ፈጠራ ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ነው። የ9ኛው ክፍለ ዘመን ዜማ ምን ይመስል እንደነበር ማንም ሊነግረን አይችልም። የዋርድሩና ጥልቅ ከበሮና ሰፊ ማስተጋቢያ የዘመናችን ስቱዲዮ ውጤት ነው። ግን ሴልቪክ ራሱ የድሮውን እንደነበረ አመጣሁ ብሎ አያውቅም። በአሮጌው ሥር ላይ አዲስ ዘር መዝራት ነው ሥራዬ የሚለው። የተሳሳተ የሚሆነው አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ መሸጥ ነበር። እሱ በአደባባይ «የተገኘው ይሄ ነው፣ የኔ የሆነው ይሄ ነው» ብሎ ይለያል። ንግግር እንዲሰጥ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ የሚጋብዙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ዋርድሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የተጫወተው በ2009 ኦስሎ በሚገኘው የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም፣ በጎክስታድ መርከብ ሥር ነው። መርከቡ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሠራ ነው። ትልቅ ሰው ተቀብሮበት ከአፈር ሥር ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1880 ተቆፍሮ ወጣ። ስሙ የፍርድ ቤት ፋይል ላይ የነበረው ጎል በዚያው ዓመት እዚያ መርከብ ሥር ቆሞ ዘፈነ።

ዝናና ጣጣው

ከ2014 ጀምሮ የዋርድሩና ሙዚቃ «ቫይኪንጎች» በሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ገባ። ሴልቪክ ራሱም ብቅ ብሎ ታይቷል። በዚያ በር ሚሊዮኖች አገኙት። በዚያው ዓመት ኖርዌይ የሕገ መንግሥቷን 200ኛ ዓመት አከበረች። ሕገ መንግሥቱ በ1814 የተፈረመው ኤይድስቮል ላይ ነው። ለበዓሉ እዚያው ኤይድስቮል የሚቀርብ ሥራ እንዲሠሩ የታዘዙት ሴልቪክና የኤንስሌቭድ ባንድ ጊታሪስት ኢቫር ብዮርንሰን ናቸው። ሥራው ስኩግሾ ይባላል፤ መስታወት ማለት ነው። ኤንስሌቭድ በብላክ ሜታል ከጀመሩት የመጀመሪያ ባንዶች አንዱ ነው። ከዚያ 22 ዓመት በፊት አገሩን ሁሉ ያስደነገጠ ሙዚቃ ልጆች የአገሩን በዓል ድግስ እንዲያደምቁ ተጠሩ። ሜታል ጊታሩ ከታገልሃርፓው ጎን ተሰለፈ፣ አንዱ ሌላውን አላፈረበትም። ሁለቱን ዓለሞች በአንድ ሥራ አብረው የሰማሁት እዚያ ስለሆነ ከሴልቪክ ሥራዎች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ትልቁ ማስረጃ አድርጌ የምወስደው ይሄን ነው።

ጎል በ2015 ከዋርድሩና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ በሴልቪክ ትከሻ ነው። በ2018 ስካልድ የተባለውን አልበም ከሞላ ጎደል ብቻውን፣ በድምፁና በአውታር አጅቦ አወጣ። በ2021 የመጣው አልበም ስም ክቪትራቭን ነው። ያ የጎርጎሮት ዘመን ስሙ፣ ነጭ ቁራ። ያለፈውን ደብቆ የሚኖር ሰው እንዲህ አያደርግም።

ዝናው ያመጣው ከባዱ ጣጣ የዘረኞች ነገር ነው። ሩኖችን ናዚዎች ለዓርማቸው ተጠቅመውባቸዋል። ርስት የሚለው ፊደል፣ ኦዳል፣ ከነዚያ አንዱ ነው፤ ዛሬም አዲሶቹ ናዚዎች ባንዲራ ላይ ይታያል። የጥንት ሰሜን ባህል ላይ የተሠራ ማንኛውም ሙዚቃ እነዚህን ሰዎች ወደ በሩ ይስባል። ብላክ ሜታል ውስጥም ቢሆን ቪከርነስን ጨምሮ ወደዚያ የሄዱ አሉ። ሴልቪክ እዚህ ላይ ዝም ሊል ይችል ነበር፣ ዝምታ ትኬት ያሸጣልና። ዝም አላለም። ባህሉን ለጥላቻ የሚጠቀሙበትን በግልጽ ተቃውሟል። ከዚህም በላይ ኦዳልን አልተወላቸውም። ሦስተኛው አልበም ላይ ፊደሉን ስለ ቤትና ስለ ትውልድ መተካካት የሚናገር ዘፈን አደረገው፣ ልጆችም ይዘፍኑበታል። ምልክቱን ለዘረኞች ለቆ መሄድ ቀላል ነበር። ልጆች እንዲዘፍኑት ማድረግ ግን ምልክቱ ዳግመኛ የዘረኞቹ ብቻ እንዳይሆን ያደርጋል። በዚህ እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ።

የሚቀረው

የዋርድሩና በጣም የታወቀው ዘፈን ሄልቬገን ይባላል። የሙታን መንገድ ማለት ነው። ዘፈኑ ስሞት ማን እየዘፈነ ይሸኘኛል ብሎ ይጠይቃል። ሴልቪክ እንደሚለው ሟችን በዜማ የመሸኘት ልማድ እነሱ ዘንድ ጠፍቷል። ለእኛ ሰው ይህ ለመረዳት ትርጉም አይፈልግም። ሙሾ አውራጅ ያለበት ልቅሶ ያየ፣ ሟች በስሙና በሥራው ሲነሳ የሰማ ሰው ያ ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል ያውቃል። የእኛም ሙሾ በከተማው እየሳሳ መሆኑን ሳስብ የሴልቪክ ጥያቄ ወደኛም እየመጣ ነው።

ሄልቬገንን ዘመዳቸውን ሲቀብሩ የሚያሰሙ ሰዎች አሉ። ሰው በሐዘኑ ሰዓት ይህን ከመረጠ ያ የተሰባበረ ነገር መጋጠም ጀምሯል። ግን አብዛኛው አሁንም በስፒከር ነው የሚሰማው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ሴልቪክ ነገ ቢደክመው ዋርድሩና ይቆማል። የእኛ ክራርና ማሲንቆ የቆዩት አንድ ታላቅ ሰው ስላዳናቸው አይደለም። ሰርግ ላይ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ በየደጁ የሚጫወታቸው ስም የሌለው ብዙ ሰው ስለነበረ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ዛሬ ሊራ የሚሠሩና የሚማሩ ወጣቶች አሉ፣ ብዙዎቹም ወደዚህ የመጡት በብላክ ሜታል በር ነው። ሥራው ከሴልቪክ እጅ ወጥቶ የነሱ መሆን አለበት። ሄልቬገንን በቀብር ላይ በስፒከር የሚያሰማው ቤተሰብ አንድ ቀን ራሱ አፉን ከፍቶ ማዜም አለበት። ያ ገና አልሆነም።